የተገዛ ደስታ
(የአንድ ትንሽ ቡድን አጭር ዕድሜ)

የሰው ልጅ ሥራ ዋጋው በዕድሜው ርዝመት ብቻ አይለካም። መቶ ዓመት ቆሞ ሲፈርስ ማንም «ወየው» የማይልለት አዳራሽ አለ፤ ሁለት ዓመት ብቻ ኖሮ ጠፍቶ ከነዋሪው አንደበት የማይጠፋም አለ። በስፖርት ዓለም ይህ ነገር ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ታላላቆቹ ቡድኖች ታሪካቸው ይጻፍላቸዋል፤ ዋንጫቸውም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥላቸዋል። ትንንሾቹ ግን በአንድ ከተማ ብቅ ይሉና ጥቂት ሺህ ሰው አስጩኸው፣ ገንዘብ ሲያጥራቸው ወይም ባለቤታቸው ሲሰለቻቸው ድምፅ ሳያሰሙ ይፈርሳሉ። የሚቀረው በአንዳንድ ሰው ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ የተንጠለጠለ፣ ቀለሙ የለቀቀ ሹራብ ብቻ ነው።

ዳንበሪ ትራሸርስ የተባለው የበረዶ ሆኪ ቡድን ከእነዚህ ከትንንሾቹ አንዱ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ተወለደ፤ በ2006 ሞተ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።) ለሞቱ ምክንያት የሆነው ግን የገንዘብ እጦት አይደለም፤ የተመልካች ማነስም አይደለም፤ የጨዋታ ድክመትም አይደለም። እንዲያውም በሞተበት ዓመት ለዋንጫ እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደርሶ ነበር። ቡድኑ የፈረሰው ባለቤቱ በፌዴራል መንግሥት ሕግ አስከባሪዎች ስለ ተያዘ ነው። የዚህ ቡድን አጭር ታሪክ ሊነገር የሚገባው ከወንጀሉ የተነሣ ብቻ አይደለም። አንድ ከተማ የሚደሰትበት፣ የሚሰባሰብበትና «የእኔ» የሚለው ነገር በእርግጥ የማን ነው? የሚል፣ ስፖርትንም ኪነ ጥበብንም የሚመለከት ጥያቄ ስለሚያነሣ ጭምር ነው።

ታሪኩ ከከተማይቱ ይጀምራል። ዳንበሪ በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ከኒው ዮርክ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ በ2000 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ወደ 75,000 የሚጠጋ ነዋሪ የነበራት ከተማ ናት። ስሟ የተጠራው በባርኔጣ ነው። የመጀመሪያው የባርኔጣ መሥሪያ ቤት በ1780 እንደ ተከፈተ ይነገራል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይም ከከተማይቱ ፋብሪካዎች በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ባርኔጣ ይወጣ ነበር። በአገሪቱ ዙሪያ የሹሙም የነጋዴውም የገበሬውም ራስ የሚሸፈነው የዳንበሪ ሠራተኛ በላቡ ባዘጋጀው ባርኔጣ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዳሩ ግን ባርኔጣው የሚጠይቀው ላብ ብቻ አልነበረም። የጥንቸሉ ጠጉር ተጣብቆ ጨርቅ እንዲወጣው የሚረዳው የሜርኩሪ ውሁድ፣ ትነቱ በሠራተኛው ሳምባ እየገባ ነርቩን ይጎዳው ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንደበቱ ይተሳሰራል፤ ጠባዩ ይለዋወጣል። ሕመሙ ከከተማይቱ ጋር ከመዛመዱ የተነሣ «የዳንበሪ መንቀጥቀጥ» የሚል ስም ወጣለት። በአሜሪካ ሜርኩሪ ለባርኔጣ ሥራ እንዳይውል የተደረገው በ1941 ነው። እስከዚያው ድረስ ስንት እጅ እንደ ተንቀጠቀጠ የሚያውቁት የሠራተኞቹ ሚስቶችና ልጆች ናቸው።

ከተማይቱ በሕግ መጻሕፍትም ስሟ ተጽፏል። በ1902 የባርኔጣ ሠራተኞች ማኅበር የሎዊን ፋብሪካ በመቃወም አድማ መታ፤ በአገሪቱ ያለ ገዢ ሁሉ የዚያን ፋብሪካ ባርኔጣ እንዳይገዛም ጥሪ አደረገ። ባለ ፋብሪካው ከሰሰ። በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በ1890 የወጣው፣ ብዙዎች ለታላላቅ ከበርቴዎች ልጓም ይሆናል ብለው ያሰቡት የንግድ ሽርክናን የሚከለክል ሕግ፣ በሠራተኞች ማኅበር ላይም ሊሠራ ይችላል ሲል ፈረደ። «ንግድን አግዳችኋል» ተብለው የተከሰሱት ተራ ሠራተኞች ቤታቸውና በባንክ ያጠራቀሟት ገንዘብ በዕዳ ተያዘ። ክርክሩ በ1917 በስምምነት ሲዘጋ የተከፈለው ገንዘብ ከ200,000 ዶላር በላይ ነበር፤ አብዛኛውም ከመላ አገሪቱ ሠራተኞች በመዋጮ የተሰበሰበ ነው። ይህን ፍርድ አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልጋልና።

ከጊዜ በኋላ ሰው ባርኔጣ ማድረግ ተወ። ፋብሪካዎቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። ከተማይቱ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ነዋሪ አገኘች፤ ነገር ግን «እኛ እነማን ነን?» ለሚለው ጥያቄ እንደ ባርኔጣው ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘችም። የሩቅ አገር ሰው የዳንበሪን ስም ሲሰማ የሚያስታውሰው ምናልባት በዚያ ያለውን የፌዴራል ወኅኒ ቤት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በመሐል ከተማው የበረዶ መጫወቻ አዳራሽ ተሠራ። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ቢጨናነቅ የሚይዘው ወደ ሦስት ሺህ ሰው ነው። ታሪካችን የሚፈጸመው በዚያ ነው።

ስለ ጨዋታውም ጥቂት ማለት ይገባል። የበረዶ ሆኪ በአገራችን የማይዘወተር ይሁን እንጂ መሠረተ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገናን ያየ ሰው ሆኪን አይቷል ማለት ይቻላል፤ ጫፉ የቆለመመ በትር አለ፣ የሚመታ ነገር አለ፣ ሁለት ወገን አለ። በበረዶው ላይ ሩሩ ጠፍጣፋ የላስቲክ ክብ ሆኖ፣ ተጫዋቹም በእግሩ ፋንታ ስለታማ ብረት በተገጠመበት ጫማ እየተንሸራተተ ከፈረስ በማይተናነስ ፍጥነት ይመጣል። በያንዳንዱ ወገን በአንድ ጊዜ በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይሰለፋል፤ ጨዋታው 20 ደቂቃ ያላቸው ሦስት ክፍሎች አሉት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህም ጨዋታ የሚሠራ ነው፤ ምናልባትም ከገናው በባሰ መልኩ። በሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሁለት ተጫዋቾች ጓንታቸውን ጥለው በቡጢ ቢማቱ ዳኛው የአምስት ደቂቃ ቅጣት ይሰጣቸዋል እንጂ በተለመደው አሠራር ከሜዳ አያባርራቸውም። ከዚህ ልማድ የተነሣ ሥራቸው ግብ ማግባት ሳይሆን መማታት የሆነ፣ የጓዶቻቸው ጋሻ ተብለው የሚታወቁ ተጫዋቾች ተፈጠሩ።

የዚህ ስፖርት ላይኛው እርከን ብሔራዊው የሆኪ ሊግ ነው። ከሥሩ ሌሎች ሊጎች እንደ መሰላል ይደረደራሉ። ዩናይትድ ሆኪ ሊግ ከታችኞቹ እርከኖች በአንዱ ላይ የቆመ፣ በ1991 በሌላ ስም ተመሥርቶ በ1997 ይህን ስም የያዘ ሊግ ነበር። ቡድኖቹ ያሉት እንደ ፍሊንት፣ ካላማዙ፣ ማስኪገንና ፎርት ዌይን በመሳሰሉ፣ ፋብሪካ ባቆማቸው ከተሞች ነበር። ተጫዋቾቹ በአውቶቡስ ሌሊቱን ሲጓዙ ያድራሉ፤ ደመወዛቸው ከአንድ የእጅ ሠራተኛ ደመወዝ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ብዙዎቹ ወደ ላይኛው እርከን የመውጣት ተስፋቸው የተሟጠጠ፣ ነገር ግን ከዚህ ሌላ የሚያውቁት ሙያ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ባለጸጋ ከተማ ድሃውን እንዳይውጠው ሊጉ ለያንዳንዱ ቡድን የደመወዝ ጣሪያ ወስኖ ነበር፤ ይኸውም ለአንድ የጨዋታ ዘመን ለተጫዋቾቹ በሙሉ 275,000 ዶላር ነበር።

በዳንበሪና በአካባቢዋ ባለ ብዙ ገንዘቡ ሰው ጄምስ ጋላንቴ ይባል ነበር። ሥራው ቆሻሻ ማንሣት ነው። የእርሱ መኪናዎች ከምዕራብ ኮኔቲከት አንሥቶ ኒው ዮርክ ግዛት ድረስ እየዘለቁ የሱቁን፣ የምግብ ቤቱን፣ የትምህርት ቤቱን ጥራጊ ያነሡ ነበር። ቆሻሻ የማይቋረጥ ሀብት ነው፤ ሰው በጦርነትም በሰላምም፣ በጥጋብም በችግርም ጊዜ የሚጥለው አያጣም። ጋላንቴ ለከተማይቱ ለጋስ ነበር፤ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል፤ ስሙም በብዙ ሰው ዘንድ በምስጋና ይነሣ ነበር። በ2004 የዩናይትድ ሆኪ ሊግን አንድ የቡድን ፈቃድ ገዛና ፕሬዚዳንትና ዋና ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ልጁን ኤ ጄን ሾመ። ኤ ጄ በዚያን ጊዜ የ17 ዓመት ወጣት ነበር።

ይህ ሹመት በሊጉ ውስጥ መሳቂያ ሆነ። ሃያ ዓመት በበረዶ ላይ የኖሩ ሰዎች ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በጨረሰ ልጅ ሊቀጠሩና ሊባረሩ ነው! ልጁ ግን የሚስቁበትን አልፈራም። ራሱ ሆኪ ይጫወት የነበረ፣ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ያቆመ ወጣት ስለ ነበር ለጨዋታው ያለው ፍቅር ያልወጣለት ፍቅር ነበር። ሌላው ሥራ አስኪያጅ የሚሸሸውን ተጫዋች እርሱ ፈልጎ ያመጣል፤ ቁጡ የተባለውን፣ ተደባዳቢ የተባለውን፣ ከሌላ ቡድን በቅጣት ብዛት የወጣውን ይሰበስባል። የሊጉ ክፉ ልጆች እኛ እንሁን አለ። የቡድኑም ስም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነበር። «ትራሸር» የሚለው ቃል በአንድ ፊት የአባትዬውን ንግድ፣ ቆሻሻን ያስታውሳል፤ በሌላ ፊት ደግሞ ያገኘውን ሰባብሮ የሚጥል ማለት ነው። ዓርማው ፊቱን ያጠቆረ የቆሻሻ በርሜል ነበር። ቅኔ የለመደ አንባቢ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት አይቸገርም፤ የሚያስገርመው ወርቁን ለመደበቅ ያልሞከሩ መሆናቸው ነው።

የቡድኑ የመጀመሪያ ዓመት ከአንድ ትልቅ የሥራ ክርክር ጋር ገጠመ። በ2004 መኸር የብሔራዊው ሊግ ባለቤቶች በደመወዝ ጣሪያ ጉዳይ ከተጫዋቾቹ ማኅበር ጋር ስላልተስማሙ የአዳራሾቻቸውን በር ዘጉ። የ2004–2005 የጨዋታ ዘመን በሙሉ ተሰረዘ፤ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ የስፖርት ሊጎች በሠራተኛና በአሠሪ ክርክር ምክንያት አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት የቀረ ሊግ ከዚያ በፊት አልነበረም። ተጫዋቾቹ እንጀራ ፍለጋ ተበተኑ፤ ከፊሉ ወደ አውሮፓ ሄደ፣ ከፊሉም ወደ ታችኞቹ ሊጎች ወረደ። በ2003 ለኒው ጀርዚ ዴቭልስ የስታንሊ ዋንጫን የወሰነውን የመጨረሻ ግጥሚያ የመጀመሪያ ግብ ያስቆጠረው ማይክ ረፕ ወደ ዳንበሪ መጣ። በቴሌቪዥን የሚታየው ሰው ባርኔጣ ሠሪዎች በኖሩባት ከተማ፣ በሦስት ሺህ ሰው ፊት፣ የቆሻሻ በርሜል በደረቱ ላይ አድርጎ ተሰለፈ።

ሕዝቡም ወጣ። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ሱቅ ጠባቂው፣ አሮጊቱ ሳይቀሩ ወጡ። ከመቀመጫዎቹ መካከል ቁጥሩ 102 የሆነው ክፍል በጩኸቱ ስም አወጣ፤ የሌላ ከተማ ቡድን ወደዚያ አዳራሽ የሚገባው እየሰጋ ነበር። በረዶው ላይ የሚደረገው ጨዋታ አንዳንድ ጊዜ ጨዋታ መሆኑ እስኪረሳ ድረስ በቡጢ የተሞላ ነበር። አንድ የትራሸርስ ተጫዋች በጠብ መካከል እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ ወጣ። ይህ ሁሉ ግን ተመልካቹን አላራቀም። በአዳራሹ ውስጥ የማይተዋወቁ ሰዎች ይተቃቀፉ ነበር። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ይመላለስ የነበረ ሰው ቅዳሜ ማታ የሚገናኘው ወዳጅ አገኘ። ለብዙ ጊዜ ስለ ራሷ የምትናገረው አጥታ የነበረች ከተማ በድንገት የምትናገረው አገኘች።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ አይገባም። ጠብ ለማየት የሚሰበሰብን ሕዝብ መውቀስ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ሰው ወደ መሰብሰቢያ የሚሄደው ለሚታየው ነገር ብቻ ሳይሆን ለመሰብሰቡም ጭምር ነው። የኪነት ሰዎች ይህን ያውቁታል። ተውኔቱ ደካማ ሆኖ ሳለ አዳራሹ የሚሞላበት፣ ተውኔቱ ብርቱ ሆኖ ሳለ ወንበሩ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዳንበሪ የጎደላት ሆኪ አልነበረም፤ አንድ ላይ መጮኽ ነበር። ጋላንቴ ይህን አውቆም ይሁን ሳያውቅ የከፈተው በር ለብዙ ዘመን ተዘግቶ የኖረ በር ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው በለጠ። ብሔራዊው ሊግ በ2005 በሐምሌ ወር ተስማምቶ በሩን ስለ ከፈተ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ወደ ላይ ተመለሱ፤ ትራሸርስ ግን አልደከመም። በ2006 የጸደይ ወራት ለሊጉ ዋንጫ እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደረሰ፤ በካላማዙ ዊንግስ ተሸንፎ ሁለተኛ ወጣ። የሳቁበት ሰዎች መሳቃቸውን ተዉ። የ19 ዓመቱ ሥራ አስኪያጅ የሚቀጥለውን ዓመት ያስብ ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ግን አልመጣም።

በ2006 በሰኔ ወር ጄምስ ጋላንቴ ተያዘ። የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ክስ 29 ሰዎችንና አሥር ድርጅቶችን የሚመለከት ነበር። በክሱ መሠረት በዚያ አካባቢ ቆሻሻ ማንሣት ነፃ ንግድ አልነበረም። ቆሻሻ አንሺ ድርጅቶች ደንበኞችን እንደ ርስት ተከፋፍለዋቸው ነበር። አንድ ሱቅ የአንዱ ድርጅት ይዞታ ከሆነ ሌላው በርካሽ ላንሣልህ ብሎ አይቀርበውም፤ ቢጠየቅም ሆን ብሎ ከመጀመሪያው የበለጠ ዋጋ ይጠራል። ይህንንም አሠራር «የንብረት መብት» ይሉት ነበር። ያለ ፈቃዱ የሌላው ንብረት የሆነው ደንበኛ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሒሳቡ ከዓመት ዓመት መክበዱን ብቻ ነው። ይህ ክፍፍል እንዲከበር ደግሞ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጋላንቴ የጄኖቬዝ ቤተሰብ የሚባለው የኒው ዮርክ ማፊያ መሪ ለነበረው ለማቲው ያኒዬሎ በየሦስት ወሩ 30,000 ዶላር ይከፍል እንደ ነበር ተገልጿል።

ከክሶቹ መካከል ሆኪን የሚመለከተውም ነበረበት። የሊጉ ጣሪያ 275,000 ዶላር ሆኖ ሳለ ትራሸርስ ለተጫዋቾቹ ያወጣው ገንዘብ 750,000 ዶላር ገደማ እንደ ነበር ዐቃቤ ሕግ አስታወቀ። ልዩነቱ የሚከፈለው በቆሻሻ ድርጅቶቹ በኩል ነበር። ተጫዋቾች፣ አንዳንዴም ሚስቶቻቸው፣ በድርጅቶቹ መዝገብ ሠራተኛ ተብለው ይጻፋሉ፤ ወደ ሥራው ግን አይሄዱም። አባቶች «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይላሉ፤ እዚህ ግን ላሟ ባልዋለችበት ኩበቱ በየወሩ ይለቀም ነበር። ለሊጉ የሚላከው የደመወዝ ዝርዝር ጣሪያውን ያልነካ፣ የተስተካከለ ወረቀት ነበር። በዚያው ጊዜ ላይኛው ሊግ የደመወዝ ጣሪያ ይኑር አይኑር በሚል ክርክር አንድ ዓመት ሙሉ ተዘግቶ እንደ ነበር ስናስታውስ ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። ታላላቆቹ በይፋ የተጣሉበትን ነገር ትንሹ ቡድን በምስጢር አልፎት ሄዶ ነበር።

ከመያዙ በኋላ ቡድኑ ፈረሰ። ተጫዋቾቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደየሚቀጥለው ትንሽ ከተማ ሄዱ። በ2008 ጋላንቴ ከብዙዎቹ ክሶች በጥቂቱ፣ በተደራጀ ወንጀል ሤራ፣ የግብር ሰብሳቢውን መሥሪያ ቤት በማታለል ሤራና ሊጉን በማጭበርበር ሤራ ጥፋተኛ መሆኑን አመነ፤ በድርጅቶቹ ላይ የነበረውን ይዞታ ለመንግሥት ለቀቀ፤ 87 ወር እስራትም ተፈረደበት። በ2014 ከእስር ወጣ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል፤ ይህ ቡድን የማን ነበር? በወረቀት ላይ የጋላንቴ ነው። የቲፎዞው ስሜት የሚነግረን ግን የዳንበሪ መሆኑን ነው። ነገሩን በጥሞና ላየው ሦስተኛ መልስም አለ። ቡድኑን ያቆመው ገንዘብ የመጣው ከቆሻሻ ሒሳብ ነው። ያ ሒሳብ ደግሞ ውድድር በሌለበት የከበደ ሒሳብ ነበር። የከፈለው ባለ ሱቁ፣ ባለ ምግብ ቤቱ፣ በመጨረሻውም ከእነርሱ የሚገዛው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ዳንበሪ ለትራሸርስ ሁለት ጊዜ ከፍላለች ማለት ይቻላል፤ አንድ ጊዜ በአዳራሹ በር ላይ በቲኬት፣ ሌላ ጊዜ ሳታውቅ በቆሻሻ በርሜሏ። ስጦታ መስሎ የታያት የራሷ ገንዘብ ነበር። ያመሰገነችው ለጋስ የሰጣት ከእርሷ የወሰደውን ከፍሎ ነበር።

ይህን ለቡድኑ ደጋፊ ቢነግሩት ምን ይላል? ብዙዎቹ የሚሉት የታወቀ ነው፤ «ይሁና! እኛ ግን ደስ ብሎን ነበር» ይላሉ። ይህ መልስ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የተሰበሰበው ሕዝብ እውነተኛ ነበር፤ መተቃቀፉም እውነተኛ ነበር። በሐሰተኛ መዝገብ ላይ የተጻፈው ደመወዝ በበረዶው ላይ የፈሰሰውን ላብ ሐሰት አያደርገውም። ዳሩ ግን መልሱ አንድ ነገር ይዘነጋል። በዚያ ሊግ ውስጥ ጣሪያውን አክብረው የተጫወቱ ሌሎች ከተሞች ነበሩ። ለእነርሱ ያ ጣሪያ ወረቀት አልነበረም፤ በሕይወት የሚቆዩበት መንገድ እንጂ። አንዱ ከተማ በድብቅ ሲበዛለት ሌላው በግልጽ ያንስበታል። በተገዛ ደስታ ማዕድ ላይ ያልተጠሩ እንግዶች ነበሩ፤ የበሉት አይደሉም፤ የተበሉት ናቸው።

ተጫዋቾቹስ? ይህ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው። በዓመት ውስጥ ጥቂት ወራት ብቻ ደመወዝ የሚያገኝ፣ ጉልበቱ የተጎዳ፣ ሚስትና ልጅ ያለው የሠላሳ ዓመት ሰው «ሚስትህን ቀጥረናታል፤ ቼኩ ይመጣል» ሲባል ምን ይመልሳል? ሥራው እውነተኛ ሥራ ነው፤ አጥንቱ የሚሰበረው በእውነት ነው፤ ደመወዙ ግን ግማሹ ውሸት ነው። ሊጉ የወሰነው ጣሪያ ለቡድኖቹ መኖር ያስፈልግ ይሆናል፤ የሰውን ኑሮ ግን አይሸፍንም ነበር። ጋላንቴ በዚያ ቀዳዳ ገባ። ሰው ለላቡ የሚገባውን በግልጽ ካላገኘ በስውር የሚሰጠውን ለመቀበል ይገደዳል፤ የተቀበለም ቀን የሰጪው ይሆናል። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ከዓመታት በኋላ ስለ ጋላንቴ ሲናገሩ በፍቅር ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብሎ መተረብ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ሌላ ማን እንዳበላቸው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባልና።

የ1908ቱን ፍርድ ማስታወስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአንዲቱ ከተማ፣ በመቶ ዓመት ልዩነት፣ ንግድን ማገድ የተባለ አንድ ነገር ሁለት መልክ ይዞ ታየ። የባርኔጣ ሠራተኞቹ በአደባባይ፣ በስማቸው፣ የማኅበራቸውን ዓላማ እየተናገሩ «አትግዙ» አሉ፤ ቤታቸው ተያዘ። ቆሻሻ አንሺዎቹ በዝግ በር ደንበኛን እንደ ርስት ተከፋፈሉ፤ ሕጉ እስኪደርስባቸው ድረስ ባለጸጎችና ለጋሶች ተብለው ኖሩ። ሁለቱን ያመዛዘነ አንባቢ የሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም። የድሃው ኅብረት ጩኸት ስለሆነ ቶሎ ይሰማል፤ የባለጸጋው ስምምነት ሹክሹክታ ስለሆነ ጆሮ ለማግኘት ዘመን ይወስድበታል።

የልጁም ነገር አለ። ኤ ጄ ጋላንቴ አልተከሰሰም። አባቱ የሰጠው ስጦታ ማንኛውም ሆኪ ወዳድ ልጅ በሕልሙ የሚያየው ነበር፤ የተወሰደበትም ሃያ ዓመት ሳይሞላው ነው። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚባለው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ልጁ በሥራው የተካነ መሆኑን ውጤቱ ይመሰክራል፤ ነገር ግን ከውጤቱ ስንቱ የእርሱ ብልሃት፣ ስንቱ የአባቱ ስውር ቼክ እንደ ነበር መለየት ለማንም፣ ለራሱም፣ የሚያዳግት ነው። አባት ልጁን በመውደዱ የሰጠው ነገር ልጁን ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነፈገው፤ ይኸውም ድሉ የራሱ መሆኑን የማወቅ መብት ነው። ለልጆቻቸው ጥርጊያ መንገድ ለሚያዘጋጁ ወላጆችና ለተማሪዎቻቸው ለሚያዳሉ መምህራን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ትራሸርስ ከፈረሰ በኋላ ስሙ አልሞተም። በ2021 ታሪኩን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም በኔትፍሊክስ ቀርቦ ቡድኑ በሕይወት ሳለ ሰምቶት የማያውቅ የዓለም ሕዝብ አወቀው። የቆሻሻ በርሜሉ ዓርማ ያለበት ሹራብም እንደገና ፈላጊ አገኘ። ፊልሙ ተመልካቹን የሚስበው በድፍረቱና በሳቁ ነው። አንድ ቡድን በወንጀል ሲታጀብ ለታሪክ ነጋሪ የሚመች መሆኑ የታወቀ ነው። ጣሪያውን አክብረው፣ ማንንም ሳይደበድቡ፣ ገንዘብ አልቆባቸው የፈረሱት ትንንሽ ቡድኖች ግን ፊልም አልተሠራላቸውም። የኪነ ጥበብ ሰው ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር ይህ ነው። ብዕርና ካሜራ ወደ ብልጭታው ሲዞሩ በጨለማ የሚቀረው ብዙ ነው።

በዳንበሪ አዳራሽ በረዶው አልቀለጠም። በ2010 ዌለርስ የተባለ ቡድን መጣ፤ እስከ 2015 ቆየ። ከእርሱ በኋላ ታይታንስ መጣ፤ በ2017 ሄደ። በ2019 ደግሞ ሃት ትሪክስ የተባለው ተመሠረተ። በሆኪ ቋንቋ ይህ ስም አንድ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ ሦስት ግብ ማግባቱን ያመለክታል፤ በቃሉ ውስጥ ግን ባርኔጣ አለበት። ከተማይቱ በባለቤቱ ንግድ የተጠራውን ቡድን ካጣች በኋላ ለቡድኗ ስም ያገኘችው በራሷ አያቶች ሙያ ውስጥ ነው፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ቤታቸው በዕዳ እየተያዘ ባርኔጣ በሠሩት ሰዎች ሙያ ውስጥ። በአዳራሹ መቀመጫዎች ላይ ዛሬም ከሚጮኹት መካከል ትራሸርስን ያዩ አሉ። ልጆቻቸውንም ይዘው ይመጣሉ። ልጆቹ ስለዚያ ስለ ቆሻሻ በርሜሉ ቡድን ሲጠይቁ ወላጆቹ ይስቃሉ፤ ግብ የገባበትን፣ ጓንት የተጣለበትን ሌሊት ይተርካሉ። ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ልጅ ከተገኘ ደግሞ እርሱንም ሳይደብቁ ሊነግሩት ይገባል፤ ደስታው እውነት እንደ ነበር፣ ዋጋውንም የከፈሉት ራሳቸው እንደ ነበሩ።